እሱን የምከሰው እዚያው እሱ ጋ ነው?

ለኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ፣ ለአዲስ አበባ ፖሊስ እና ለክልል ፖሊስ ኮሚሽኖች አመራሮች
ግልባጭ፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ጉዳዩ፦ ሴት ላይ ጥቃት ፈጽሟል የተባለ የፖሊስ አባል በገዛ ባልደረቦቹ እንዳይመረመር ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአንድ የስልክ ጥሪ ምክንያት ነው። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ጥሪ ነበር። የደወለው ተረኛ ፖሊስ ነው። የተደወለለት ደግሞ ሊከሰስ የነበረው ሰውዬ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ወሩ ሐምሌ፣ ሰዓቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። ዝናቡ አላቋረጠም። የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ቆማለች። ልጇን አዝላለች፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ነጠላውን ስታወርደው መንጋጋዋ አብጧል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ምን ሆነሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ግድግዳ የሚጋራ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ጠይቆ አይደለም የሚያውቀው።

ባሏ ፖሊስ ነው።

ሻይ አፈላሁላት፣ ልጁን አስተኛን። ትንሽ ረጋ ስትል "ጠዋት ጣቢያ እንሄዳለን" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና "እትዬ፣ እሱን የምከሰው እዚያው እሱ ጋ ነው?" አለችኝ።

"ሌላ ጣቢያ እንሄዳለን" አልኳት። ያኔ በቂ መልስ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሄድን። እሱ ከሚሠራበት ራቅ ያለ፣ ሌላ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ ጣቢያ ነው። ተረኛው ወጣትና ትሑት ልጅ ነበር። ወንበር ሰጣት። መዝገቡን ገልጦ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ አድራሻዋን ጻፈ። "የባልሽ ሥራ?" አላት። "ፖሊስ" አለችው። እስክሪብቶው ቆመ። "የት ነው የሚሠራው?" ነገረችው። "ስሙስ?" ነገረችው። "አውቀዋለሁ እኮ! ስልጠና አብረን ነው የወሰድነው። ጥሩ ልጅ ነው" አለና ስልኩን አወጣ።

እዚያው ፊታችን ነው የደወለው። ተንኮል ያሰበ አልመሰለኝም፤ ማስታረቁ ነው። "ባለቤትህ እኛ ጋ ናት፣ ና ተነጋገሩ" አለው።

ባልየው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንደታጠቀ ነው የመጣው። ለእኔ አንገቱን ደፋ አድርጎ "እትዬ፣ ስላስቸገርንዎት ይቅርታ" አለኝ። ለእሷ ምንም አላላትም። ልጁን ከጀርባዋ ወሰደና ወደ በሩ አመራ። ልጇን ይዞ እየሄደ ምን ታድርግ? ተከተለችው።

መዝገቡ ላይ ስሟ፣ ዕድሜዋና አድራሻዋ ተጽፎ ቀረ። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

እዚያ ጣቢያ ውስጥ አንዲት ሴት ሳጅን እንደነበረች ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ባልየውን ስንጠብቅ ጎረቤቴን ፊቷን እንድትታጠብ ወደ ጓሮ ወስዳት ነበር። እዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "እብጠቱ ሳይወርድ ሆስፒታል ሄደሽ ወረቀት አውጪ፤ አንድ ቀን ይጠቅምሻል" አለቻት። ጎረቤቴ በሦስተኛው ቀን ገበያ ሄዳ ለመምጣት ተፈቅዶላት ስትወጣ በዚያው ሆስፒታል ሄዳ ወረቀቱን አወጣች። ሳጅኗ ማድረግ የምትችለው ያንን ብቻ ነበር። ሕጉን ታውቃለች፣ ሥራዋን ታውቃለች። ግን አለቃዋ ፊት ቆማ "ይህቺ ሴት ቃሏ ይመዝገብ" ብትል የሚደግፋት አሠራር አልነበረም። የምጽፍላችሁ ለእሷም ጭምር ነው።

ክቡራን፣ አባላቶቻችሁ በሙሉ ሴት ደብዳቢ ናቸው አላልኩም፣ አልልምም። ሌሊት መንገድ ላይ ፖሊስ ሳይ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። የምለው ሌላ ነው። ጥቃት የሚፈጽመው ሰው ፖሊስ ሲሆን ለሌላው ሰው የተሠራው በር በሙሉ ይዘጋል። እህል ቢያንቅ በውሃ ያወራርዱታል፤ ውሃ ሲያንቅ በምን ይወራረዳል?

እስቲ ነገሩን በእሷ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። አናጢ ወይም ነጋዴ ባል ያላት ሴት ስትመታ ቢያንስ ጣቢያ አለ ብላ ታስባለች። ባትሄድ እንኳ ባሏ እንዳትሄድ ይፈራል። የፖሊስ ሚስት ግን ባሏ ጣቢያውን ከእሷ በላይ ያውቀዋል። መርማሪው ጓደኛው ነው። ዓቃቤ ሕጉን በየጊዜው ያገኘዋል። ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ምት ምልክት እንደማይተው ያውቃል። መሣሪያው ቤት ውስጥ፣ አልጋው ራስጌ ያድራል። የተጎዱ ሴቶች ማረፊያ ቤቶች አድራሻቸው የማይነገረው አሳዳጅ እንዳይደርስባቸው ነው። ሴቶቹን ወደዚያ የሚልከው ግን ብዙ ጊዜ ፖሊስ ራሱ ነው። ታዲያ እሷ የት ትደበቅ?

ደግሞ ሚስቶች ብቻ አይደሉም። ማታ ማታ አስፋልት ዳር ቆመው የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ጉሊት ዘርግተው የሚያድሩ እናቶች አሉ። ሠራተኛ ሆነው ከገጠር የመጡ፣ የሚጠይቃቸው ዘመድ የሌላቸው ልጆች አሉ። ተጠርጥራ የታሰረች ሴት አለች። እነዚህ ሴቶች ከፖሊስ ጋር ሲጋጩ ምስክር የላቸውም። ቢናገሩም መጀመሪያ የሚጠየቀው የእነሱ ጠባይ ነው።

አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ የሆነው ይህንን በደንብ ያሳያል። ዳንኤል ሆልትዝክሎው የሚባል ፖሊስ ነበር። በጥበቃ ሥራ ላይ ሆኖ ሴቶችን ያስቆማል፣ ስማቸውን በፖሊስ መዝገብ ውስጥ ያያል። የሚመርጠው ድሃ የሆኑትን፣ ከዚህ በፊት ታስረው ወይም በዕፅ ተጠርጥረው የሚያውቁትን ጥቁር ሴቶች ነበር። ማን ያምናቸዋል ብሎ ነው። የተያዘው በ2014 እ.ኤ.አ. አንዲት በ50ዎቹ ዕድሜ ያለች አያት ካስቆመ በኋላ ነው። እሷ መዝገብ ላይ ምንም አልነበረባትም፤ የደረሰባትን ወዲያው አመለከተች። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሴቶች ተገኙ፤ በጠቅላላው 13 ሆኑ። ቀድሞ የተነካችው ሴት ስትናገር ሰሚ ኖሮ ቢሆን የኋለኞቹ ባልተነኩ። ጥር 2016 እ.ኤ.አ. 263 ዓመት ተፈረደበት።

የእኛን አገር ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ አንዲት ወጣት ተጠለፈች። ጠልፏል የተባለው ሰው የከተማዋን ከንቲባ እንዲጠብቅ የተመደበ የፀጥታ አባል ነበር። አገር ተንጫጫ። ማኅበራዊ ሚዲያው በሙሉ ስለ እሷ ነበር የሚያወራው፤ ልጅቷም ከቀናት በኋላ ተገኘች። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ያን ቀን ማታ የጎረቤቴን መንጋጋ እያሰብኩ ነው ያደርኩት። የእሷ ስም ፌስቡክ ላይ አልወጣም። ለእሷ አገር አልተንጫጫም። ፍትሕ ለማግኘት አገር መንጫጫት ካለበት የማይጮህላት ሴት ምን ይዋጣት?

የለንደኑን ጉዳይ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ከሁሉም ብዙ የሚያስተምረን እሱ ይመስለኛል። እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችንም ያን ሰሞን ማታ ከሥራ ሲወጡ እንዴት ይፈሩ እንደነበር አይረሱትም።

ማርች 3 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ሳራ ኤቨራርድ የምትባል የ33 ዓመት ሴት ከጓደኛዋ ቤት ወጥታ በእግሯ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። የኮሮና ገደብ ጊዜ ነው። ዌይን ካዘንስ የሚባል የለንደን ሜትሮፖሊታን ፖሊስ አባል አስቆማት። የፖሊስ መታወቂያውን አሳያት፣ የኮሮናን ደንብ ጥሰሻል ብሏት ሳይሆን አይቀርም፣ በካቴና አሰራት። መኪናው ውስጥ አስገብቶ ወሰዳት፣ ደፈራት፣ ገደላት። መታወቂያው እውነተኛ ነው። ካቴናውም እውነተኛ ነው። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ ከእስር ቤት አይወጣም።

አሁን ልብ በሉ። ግድያው ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ይኸው ሰው አንድ ምግብ ቤት በመኪና ሄዶ ለሴት ሠራተኞች ኀፍረተ ሥጋውን አሳይቷል ተብሎ ለፖሊስ አቤቱታ ቀርቦበት ነበር። የመኪናው ታርጋ በፖሊስ እጅ ነበር። ከዚያም በፊት፣ በ2015 እ.ኤ.አ.፣ ተመሳሳይ ጥቆማ መጥቶበት ነበር። ማንም አልደረሰበትም። መሣሪያውን እንደታጠቀ ሥራ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ጥቆማ ላይ አንድ ሰው ጨክኖ ቢከታተል ሳራ ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፍርዱ በተሰጠ ሰሞን የለንደን ፖሊስ ለሴቶች ምክር ሰጠ። ብቻውን የሆነ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ቢያስቆማችሁና ቢያጠራጥራችሁ ጠይቁት፣ ካልሆነም ሩጡ፣ የሰው በር አንኳኩ፣ አውቶቡስ አስቁሙ አለ። ሴቶቹ ተቆጡ። እኔም ሳነበው ተቆጣሁ። ፖሊስ ራሱን ማጥራት ሲያቅተው ሴቲቱን ሩጪ ይላታል እንዴ?

ግን ከዚያ ፍርድ አንድ ትልቅ ነገር ወጣ። የካዘንስ ጉዳይ በየቴሌቪዥኑ ሲነገር አንዲት ሌላ ሴት አየች፤ በኦክቶበር 2021 ሄዳ አመለከተች። የደፈራት ሰው ዴቪድ ካሪክ ይባላል። እሱም የለንደን ፖሊስ አባል ነው፣ ያውም የታጠቀ። ምርመራው ሲከፈት ሌሎች ሴቶች መጡ። በመጨረሻ በ12 ሴቶች ላይ በፈጸማቸው በ49 ክሶች ራሱ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ ከእነዚህ 24ቱ የአስገድዶ መድፈር ክሶች ናቸው። በፌብሩዋሪ 2023 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ ቢያንስ 32 ዓመት ሳይታሰር እንዳይፈታ።

ካሪክ ፖሊስ የሆነው በ2001 እ.ኤ.አ. ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ስሙ ዘጠኝ ጊዜ ለፖሊስ ደርሶ ነበር። አንድም ጊዜ ክስ አልተመሠረተበትም። ጥቆማዎቹ የተለያየ ቦታ፣ የተለያየ መዝገብ ላይ ተቀምጠው ማንም አንድ ላይ አላያቸውም። ሴቶቹን ደግሞ እኔ ፖሊስ ነኝ፣ ማን ያምንሻል ይላቸው ነበር። ይህቺን ቃል ሳነብ የጎረቤቴ ባል ትዝ አለኝ። እሱም ይላታል፤ በግድግዳው በኩል እሰማው ነበር። እንግሊዝኛና አማርኛ ተለያየ እንጂ ዓረፍተ ነገሩ አንድ ነው።

በማርች 2023 ባሮነስ ሉዊዝ ኬሲ የለንደንን ፖሊስ መርምረው ሪፖርት አወጡ። ተቋሙ ራሱ በዘረኝነትና በሴት ጥላቻ የተበከለ ነው አሉ። ጥቂት መጥፎ ልጆች አሉ ብለው አላለፉትም። ይህን የሰማ አንድ የፖሊስ ኃላፊ ምን ይሰማዋል? ያማል። ግን አንድ ተቋም በገዛ ኃላፊው ጠያቂነት ይህን ያህል ተገላልጦ ታይቶ አልፈረሰም። ዛሬም ይሠራል።

ወደ እኛ ሕግ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር ሕጋችን ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ነው ይላል። አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትን አያያዝ ይከለክላል። አንቀጽ 35 የሴቶችን መብት ይዘረዝራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መምታት ወንጀል ነው ይላል። በአንቀጽ 424 የተያዘ ሰው ላይ ጭካኔ የሚፈጽም የመንግሥት ሠራተኛ ከባድ ሲሆን እስከ አሥር ዓመት ይታሰራል ይላል። በአንቀጽ 620 ደግሞ በሥልጣኑ ሥር ያለችን፣ ለምሳሌ በማረፊያ ቤት የምትገኝን ሴት የደፈረ እስከ ሃያ ዓመት ይደርስበታል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ፣ ስንት ዘመን ያለፈው፣ የተያዘን ሰው የሚፈትሸው ተመሳሳይ ጾታ ያለው ሰው እንዲሆን ያዛል።

ቀዳዳም አለው። የመድፈር አንቀጹ ከጋብቻ ውጪ ያለውን ብቻ ነው የሚመለከተው፤ የፖሊስ ሚስት እዚያ ውስጥ የለችም። በአንቀጽ 625 ደግሞ ችግሯን ወይም ሥልጣኑን መጠቀሚያ አድርጎ ከሴት ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው የሚቀጣው በቀላል እስራት ነው፤ ያውም እሷ ራሷ ክስ ስታቀርብ ብቻ። "ወይ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ፣ ወይ ጣቢያ ታድሪያለሽ" የተባለች ሴት ማን ጋ ሄዳ ነው ክስ የምታቀርበው? ይህን ማስተካከል የምክር ቤቱ ሥራ ነው፤ ግልባጩን ለዚያ ነው የላክሁት።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳን ግን የመነሻው ነገር ነው። ሴቲቱ ለዓቃቤ ሕግ አቤት ብትል እንኳ ምርመራው የሚመለሰው ወደ ፖሊስ ነው። ሕጉ የቱንም ያህል ቢያምር የመጀመሪያዋን መስመር የሚጽፈው እስክሪብቶ የባሏ ጓደኛ እጅ ላይ ነው። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እስክሪብቶው ሲቆም ሕገ መንግሥቱም አብሮት ቆመ።

አፍሪካ ውስጥ ይህን ያሰበበት አገር አለ። ደቡብ አፍሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ፖሊስን የሚመረምር ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አላት። ሕጉ በግልጽ እንዲህ ይላል፦ ፖሊስ አስገድዶ ደፈረ ከተባለ፣ ሥራ ላይ ይሁን ከሥራ ውጪ፣ ያ መሥሪያ ቤት መመርመር ግዴታው ነው። በፖሊስ እጅ ያለ ሰው ከተደፈረም እንደዚያው። የፖሊስ አዛዡ ነገሩን እንዳወቀ ወዲያውኑ ማሳወቅ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ በጽሑፍ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ዝም ካለ ዝምታው ራሱ ወንጀል ነው። ኬንያም በዚያው ዓመት የራሷን የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁማለች። ደቡብ አፍሪካ ችግሩ አልቆላታል እያልኩ አይደለም። ግን እዚያ የተደፈረች ሴት የምትሄድበት ሌላ በር አለ። ጎረቤቴ ግን አልነበራትም።

እኛም እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ያስፈልገናል። አዋጅ ይጠይቃል፣ በጀት ይጠይቃል፣ ጊዜ ይወስዳል፤ ይገባኛል። እስከዚያ ድረስ ግን በእናንተ ፊርማ ብቻ፣ በአንድ ደብዳቤ ነገ ልታደርጉት የምትችሉት አለ።

አንደኛው ያ ስልክ ነው። አንዲት ሴት በፖሊስ አባል ላይ አቤቱታ ስታቀርብ ለተከሳሹ መደወል፣ ለጓደኞቹ ማሳወቅ፣ "ና ውሰዳት" ማለት ክልክል ይሁን። ምርመራን እንደማደናቀፍ ይቆጠር። ይህን ያደረገ ተረኛ ይቀጣ። ተረኛው ልጅ ክፉ አልነበረም ብያችኋለሁ። ለዚያ ነው ክልክል መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያለበት። ክፉ ያልሆነ ሰው ሕጉን ሲያውቅ ይጠነቀቃል።

ሁለተኛው መሣሪያው ነው። አቤቱታው ከተመዘገበበት ሰዓት ጀምሮ የተከሰሰው አባል መሣሪያ ይመለስ። ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ማረጋገጫው እስኪገኝ ሽጉጥ ይዞ ወደዚያ ቤት አይግባ ማለት ነው። ሽጉጡን የሰጣችሁት ለሥራ ነው። ራስጌው አስቀምጦ ሚስቱን እንዲያስፈራራበት አይደለም።

ምርመራውን ደግሞ ሌላ ይመርምረው። የአዲስ አበባ ፖሊስ አባል ከሆነ የፌዴራል፣ የክልል ከሆነ ከሌላ ቦታ የመጣ ቡድን። ዓቃቤ ሕጉ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይቀመጥ። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናው፣ ፖሊሱና ዓቃቤ ሕጉ አንድ ላይ ሆነው የተጠቁ ሴቶችን የሚቀበሉበት ማዕከል አለ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ የፖሊስን ጉዳይ ብቻ የሚይዝ፣ ለጣቢያ አዛዥ የማይታዘዝ አንድ መርማሪ ብትመድቡ ብዙ ነገር ይቀየራል። ሴት ብትሆን እመርጣለሁ። ያቺን ሳጅን የመሰለች።

ስለ ዝውውርም ልናገር። አባሉ ላይ ወሬ ሲበዛ ወደ ሌላ ጣቢያ ይዛወራል። ይህ ቅጣት አይደለም። ሰውየውን ስሙ ወደማይታወቅበት ሰፈር መውሰድ ነው። አዲሱ ሰፈርም ሴቶች አሉበት። የዲሲፕሊን ቅጣትም ቢሆን ለወንጀል ምትክ አይሁን። ደመወዝ መቁረጥ ለዘገየ ሠራተኛ ነው። የተባረረውም በሌላ ክልል ፖሊስ ሆኖ እንዳይቀጠር ስሙ የሚያዝበት የጋራ መዝገብ ይኑር። እንግሊዝ ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ያለ የተባረሩ ፖሊሶች ዝርዝር አላት። እኛ ጋ ክልሎች የየራሳቸው ፖሊስ ስላላቸው የበለጠ ያስፈልገናል።

ፍርድ ሲሰጥ ደግሞ ንገሩን። የሴቲቱ ስም ይደበቅ፣ የፍርዱ ነገር ግን ይነገር። በየዓመቱ ስንት አቤቱታ ቀረበ፣ ስንቱ ለክስ ደረሰ፣ ስንቱ ተፈረደበት የሚለውን አውጡ። የለንደኗን ሴት ያስነሣት ሌላ ፖሊስ ሲፈረድበት ማየቷ ነው። የእኛዎቹም ቢያዩ ይነሣሉ።

አንዳንዶቻችሁ ይህ የፖሊስን ስም ያጠፋል፣ የሐሰት ክስም ይበዛል ትሉ ይሆናል። በሐሰት የተከሰሰ ፖሊስ ካለ ከማንም በላይ የሚጠቅመው በጓደኞቹ ያልተካሄደ ምርመራ ነው። ጓደኞቹ ነጻ ነህ ቢሉት ማን ያምነዋል? የማያውቁት ሰዎች መርምረው ነጻ ሲሉት ግን ሰፈሩም ያምናል፣ እሱም ቀና ብሎ ይሄዳል። ስሙን በተመለከተ ደግሞ፣ ያን ቀን ጠዋት ጣቢያው ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሰባት ስምንት ሰዎች ነበሩ። ሁሉም አዩ። አንዲት አሮጊት ራሳቸውን እየነቀነቁ "እሷስ ወዴት ትሂድ" አሉ። የተቋሙ ስም የጠፋው እዚያ ጋ ነው፤ እኔ ስለጻፍኩ አይደለም።

ስለ ሽምግልናም አንድ ነገር ልበል፤ የብዙ ተረኛ የመጀመሪያ ሐሳብ እሱ ነውና። እኔ ራሴ ሽማግሌ ተቀምጬ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። መልካም ነገር ነው። ሽምግልና ግን ሁለቱ ሰዎች እኩል ሲናገሩ ነው። አንደኛው ሽጉጥ ታጥቆ፣ ሌላዋ ከንፈሯ ተሰንጥቆ፣ ጣቢያ ውስጥ፣ በእሱ ጓደኞች ፊት የሚደረግ ንግግር ሽምግልና አይባልም።

ጎረቤቴ አሁን ከእሱ ጋር አትኖርም። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ዓመት ቆየች፤ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ልጁን ይዛ ወደ እናቷ አገር ሄደች። የት እንደሆነ አልጽፍም፣ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። የሆስፒታሉን ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ባለፈው ፋሲካ ደውላ "እትዬ፣ ያ ወረቀት አሁንም ይሠራል?" አለችኝ። ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት።

አሁን እየጠየቅኋችሁ ነው። ወረቀቱን የምትወስድበትን፣ እሱን የሚያውቅ ሰው የማይቀመጥበትን ቢሮ ንገሩኝ። እኔ አብሬያት እሄዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ